ሁለት ሲነጋገሩ የሦስተኛው ሰው ዓይን

ጆሮ እንደሚሰማ የማያውቅ የለም፤ ዓይንም ከጆሮ ጋራ አብሮ እንደሚያዳምጥ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ ቡና ቀርቦ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ሦስተኛው ዝም ብሎ ቢቀመጥ፥ የእርሱን ዓይን ብንከተል የጨዋታውን መንገድ እናገኘዋለን። ዓይኑ በተናጋሪው ፊት ላይ ያርፋል፤ ጥያቄ በተጠየቀ ጊዜ ደግሞ ወደ መላሹ ይሻገራል፤ አንዳንድ ጊዜም መላሹ አፉን ሳይከፍት ቀድሞ ይደርሳል።

ይህ ፍጥነት ያለ ምክንያት አይደለም። በ10 ቋንቋዎች ላይ ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ በጥያቄና በመልስ መካከል የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያህል መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ተመልካቹ ድምፅ እስኪሰማ ቢጠብቅ ዓይኑ ይዘገያል። አዳም ኬንደን የተባለው ሊቅም በ1967 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው ጽሑፍ፥ ተናጋሪ ረዥም ንግግር ሲጀምር ዓይኑን ከአድማጩ ዘወር እንደሚያደርግ፥ ወደ ፍጻሜው ሲደርስም ወደ እርሱ እንደሚመልስ አመልክቷል። ይህም ተራው ወደ ማን እንደሚያልፍ ለአጠገቡ ተመልካች ምልክት ሊሆነው ይችላል።

በአገራችን ቀድሞ የበላ ልበልሃ ሙግት በአደባባይ ሲደረግ፥ የተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ጊዜ ከሳሹን አንድ ጊዜ ተከሳሹን እየተመለከተ ነገሩን ይከታተል ነበር። ይህ ለተመልካች ነውር አልነበረም። ለዳኛ ግን ዓይኑም እንደ ፍርድ ይቈጠራል፤ አንዱን እያየ ሌላውን ቢዘነጋ፥ ቃሉ ሳይወጣ ፊቱ የፈረደ ይመስላል። አማርኛችን አድልዎን «ፊት አይቶ ማድላት» ማለቱ በከንቱ አይደለም።

በቤትም እንዲሁ ነው። ሁለት ልጆች ተጣልተው ሲካሰሱ፥ ወላጅ የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ዝም ያለውንም በዓይኑ ሊያስበው ይገባል፤ ልጅ ከፍርዱ ቃል አስቀድሞ የፈራጁን ዓይን ያነባልና።

ደግሞ ታላላቆች ሲነጋገሩ ልጅ ቢመለከት «የሰው አፍ አፍ አትይ» ብለን እንገሥጸዋለን። እንግዳ ሲበላ አፍጥጦ ማየት ነውር መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨዋታን በዓይን መከተል ልጅ የንግግርን ተራ ከሚማርባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ስለዚህ ወላጆች ማፍጠጥን ከማዳመጥ ለይተው ቢያስተምሩት፥ ዓይኑን ሰብሮ ዝም የሚል ልጅ ሳይሆን ሰው ሲናገር ሳያቋርጥ የሚሰማ ልጅ ያሳድጋሉ ብለን እናምናለን።