የጽኑ ሕሙማን ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና

ሰውን ከሞት አፋፍ ለመመለስ በሚደረገው ትግል መካከል ስለ ቆሻሻ ማንሣት ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚነሣው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ካልተጠየቀ አንዱን ስናድን ሌላውን ማሳመማችን አይቀርም። ስለዚህ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ሕመምተኛውን ሲጠብቁ አካባቢውንም እንዴት ሊጠብቁ እንደሚችሉ ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ልናስረዳ አስበናል።

የመተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለአንባብያን እንግዳ አገር አይደለም። ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ ከደጋ የሚወርደውን ብዙ ሠራተኛ ወባ፥ ካላዛርና የእባብ መርዝ ይጠብቁታል። ሕመሙ የጸናበትም ሰው ብዙውን ጊዜ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር ይላካል። ለካላዛር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ሕክምና በየቀኑ ሁለት ዓይነት መድኃኒት በመርፌ፥ እስከ 17 ቀን ድረስ የሚሰጥበት ነው፤ ይኸውም ከአንድ በሽተኛ ቢያንስ 34 መርፌ ይተርፋል ማለት ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍልማ ጓንቱ፥ የግሉኮስ ከረጢቱና ቱቦው ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በሜዳ ቢጣል የክረምት ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ጓንግ ወንዝና ወደ ገባሮቹ ያወርደዋል፤ ጓንግም ሱዳን ሲገባ አትባራ ተብሎ የሌላ አገር ሰው ይጠቀምበታል። በሜዳ የሚጫወት ተማሪም በተጣለ መርፌ ቢወጋ የጉበት በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ሊይዘው ይችላል።

እንግዲህ ነርሶች ሊያደርጉ የሚችሉት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ቆሻሻን መለየት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ ከመቶው 85 እጅ ያህሉ ከቤት ቆሻሻ የማይለይ ሲሆን አደገኛው 15 እጅ ብቻ ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን ሁሉም እንደ አደገኛ ስለሚቈጠር የሚቃጠለው ይበዛል፤ አንዳንዱም ፕላስቲክ በቂ ሙቀት በሌለው ምድጃ ሲቃጠል ዲዮክሲን የተባለ መርዝ ያወጣል። መርፌ ክዳኑ ሳይመለስበት ወዲያው በሣጥኑ ይጨመር፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ።

ሁለተኛ፥ ጓንትን በቦታው መጠቀም። ደምና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ በሚነካበት ሥራ ጓንት ግዴታ ነው፤ ሙቀት ለመለካት ወይም ሕመምተኛን ለማጉረስ ግን የታጠበ እጅ ይበቃል። ከአልጋ ወደ አልጋ ሳይወልቅ የሚዞር ጓንት ራሱ ተዋሲያን ያመላልሳል። በ2010 ዓ.ም. በሎንዶን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርሶች ይህንኑ ማስተማር ጀምረው በአንድ ዓመት ውስጥ 21 ቶን የፕላስቲክ ቆሻሻ ቀንሰዋል።

ሦስተኛ፥ ኦክሲጅንን በመጠን መስጠት። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። በደቂቃ 10 ሊትር ቢለቀቅ በ11 ሰዓት ያልቃል፤ 5 ሊትር ለሚበቃው ሕመምተኛ 5 ሊትር ብቻ ቢሰጠው ግን 22 ሰዓት ይቆያል። ነርሶች በጣት ላይ የሚደረገውን መለኪያ እያዩ፥ ከታዘዘው ሳያጐድሉ ሳያበዙ ሲያስተካክሉ፥ የሚተርፈው ለሚቀጥለው ሕመምተኛ እስትንፋስ ይሆናል።

አራተኛ፥ «ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋልን?» ብሎ በየማለዳው መጠየቅ። መዋጥ ለሚችል ሰው በመርፌ ፈንታ ኪኒን ይበቃው እንደ ሆነ ሐኪሙን ማሳሰብ ፕላስቲክ ከመቈጠቡም በላይ ሕመምተኛውን ከቁስልና ከመመረዝ ያድነዋል።

ይሁን እንጂ ቁጠባ መንፈግ አይደለም። ለአንድ ጊዜ የተሠራ መርፌ ከቶ ሁለተኛ አይወጋበትም፤ ኦክሲጅን የሚያስፈልገውም ሰው አይከለከልም።

ይህ አሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጠነው ማከምና መከላከል እንዳይነጣጠሉ ነበር።

ከአንባብያንም የምንጠይቀው አለ። ሐኪም ሳያዝ መርፌ ወይም ግሉኮስ ይሰጠኝ አትበሉ። መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎች ወድቆ ያዩትን መርፌ ሳይነኩ ለትልቅ ሰው እንዲናገሩ አስተምሩ፤ የተወጋ ልጅ ቢኖር ቁስሉን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ በዚያኑ ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ይደር አትበሉ።