የባዕድ ገንዘብ ስለሚሠራው መንገድና ስለሚከፍተው ትምህርት ቤት

አንድ መንግሥት የሌላውን አገር ልብ ለመሳብ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። በጥንት ዘመን ጦርና ጋሻ፥ መርከብና መድፍ ቀዳሚዎች ነበሩ፤ ገጸ በረከትና የጋብቻ ዝምድናም ይታከሉባቸው ነበር። በኋለኛው ዘመን ግን መንገድና ድልድይ፥ የምድር ባቡርና ወደብ፥ ትምህርት ቤትና ለተማሪ የሚሰጥ የነጻ ትምህርት ዕድል በመድፍ ቦታ ገብተው ሲሠሩ ይታያሉ። ጆሴፍ ናይ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ለዚህ ዓይነቱ ሥራ «ለስላሳ ኃይል» የሚል ስም አወጡለት፤ ትርጓሜውም ሌላውን ሳያስገድዱ፥ በመወደድና በመከበር ፈቃድን መፈጸም ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስሙ አዲስ ቢሆንም ነገሩ የቈየ መሆኑን የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

ስለዚህ ጕዳይ ሰዎች በሁለት ወገን ሲሳሳቱ ይታያሉ። አንደኛው ወገን ከባዕድ የሚመጣውን ሁሉ ወጥመድ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ሁለተኛው ወገን የተሰጠውን ሁሉ ሳይመረምር በእልልታ ይቀበላል። ሰጪው ለራሱ ጥቅም ማሰቡ ግን የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ መንግሥት ሁሉ ለሕዝቡ ሊያስብ ይገባዋልና። ስለዚህ ጠቃሚው ጥያቄ ሰጪው ለምን ሰጠ የሚለው ሳይሆን፥ ሰጪው ወደ አገሩ በሚመለስበት ቀን ውሉን፥ ጥበቡንና ትምህርቱን በእጁ ይዞ የሚቀረው ማን ነው የሚለው ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1894 ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መናገሻቸው የሚደርስ የምድር ባቡር እንዲሠራ ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ፤ የውሉም ዘመን 99 ዓመት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ ንግድን ለማስፋትና አገራቸውን ከዓለም ጋራ ለማገናኘት ሲሆን፥ ገንዘቡ ግን ከአውሮፓ፥ ይልቁንም ከፈረንሳይ ባለገንዘቦች የሚመጣ ነበር። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተዠመረ። ኩባንያው ገንዘብ ባጠረው ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት በ1902 ከኩባንያው ጋራ ተዋውሎ በየዓመቱ እርዳታ ለመስጠት፥ ስለ እርዳታውም ሥራውን ለመቈጣጠር ተስማማ። ይህ ውል ሲፈረም ሐዲዱ የሚያልፍበት አገር ባለቤት አልተጠየቁም። ለንግድ የታሰበው ሐዲድ በአንድ ፊርማ የፖለቲካ ሐዲድ ሆነ። ዐፄ ምኒልክም ይህን በሰሙ ጊዜ እጅግ አዘኑ፤ ሐዲዱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ድሬዳዋ ደርሶ ለብዙ ዓመት ከዚያ ሳያልፍ ቈየ።

ከዚህ በኋላ እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1906 ለንደን ላይ ተዋውለው፥ በኢትዮጵያ ምድር የምድር ባቡር የሚሠራበትን ወገን በየድርሻቸው ተከፋፈሉ። ዐፄ ምኒልክ የውሉ ቃል በቀረበላቸው ጊዜ ስላስታወቋቸው አመሰገኑ፤ ነገር ግን ውሉ የመንግሥታቸውን ሥልጣን ከቶ የማይነካ መሆኑን ገልጸው መለሱ። ሐዲዱ በአዲስ ፈቃድና በአዲስ ኩባንያ ሥራው ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። በ1935 መዠመሪያ ላይ ግን የፈረንሳዩ ሚኒስትር ላቫልና ሙሶሊኒ ሮማ ላይ ሲዋዋሉ፥ ከዚሁ ከምድር ባቡሩ አክሲዮን 2,500 ያህሉ ለኢጣልያ ተለቀቀ። ዓመቱም ሳያልቅ የኢጣልያ ጦር የኢትዮጵያን ድንበር ተሻገረ። ባለቤቱ የማያዝዝበት ንብረት በባለቤቱ ምድር ላይ ሳለ፥ በሌሎች ገበታ ላይ እንዴት ለድርድር እንደሚቀርብ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። ኢትዮጵያ የኩባንያውን እኩሌታ ድርሻ የያዘችውና ዋናው ጽሕፈት ቤት ወደ አዲስ አበባ የተዛወረው በተዋዋሉት አዲስ ውል መሠረት በ1959 ነው፤ ይኸውም ከመዠመሪያው ፈቃድ 65 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ጕዳት ብቻ ያመጣ ነበር ማለት ሐሰት ነው። የድሬዳዋ ከተማ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ቡናውና ቆዳው በባቡር ወደ ባሕር ወረደ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በባቡሩ የጥገና ቤት የብረት ሥራን ተማሩ። ከሐዲዱ ጋራ ቋንቋ አብሮ ገባ። የኩባንያው ጽሕፈት በፈረንሳይኛ ስለ ነበረ፥ ከኩባንያው ሥራ የሚሻ ወጣት ፈረንሳይኛ መማር ግድ ሆነበት፤ አሊያንስ ፍራንሴዝ የተባለውም ማኅበር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ትምህርት ቤት ከፈተ። እንግዲህ የብረት መንገድና የፊደል መንገድ እንደ ወንድማማቾች ተከታትለው እንደሚመጡ ልብ ማለት ይገባል።

ዐፄ ምኒልክ ይህን አስተውለዋል። በ1908 በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ባቋቋሙ ጊዜ፥ ካህናቱ አዲሱ ትምህርት የባዕድ ሃይማኖት ያመጣብናል ብለው ይሰጉ ነበርና፥ መምህራኑን ከግብፅ ቅብጦች አስመጡ። በዚህም የአውሮፓን ቋንቋና ዕውቀት በሃይማኖት ከማይለዩ መምህራን አፍ ለማግኘት ቻሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የውጭውን ዕውቀት አልከለከሉም፤ ዕውቀቱ በማን እጅ እንደሚገባ ግን ራሳቸው መረጡ።

ሰጪው ያሰበው ሁሉ እንዳሰበው እንደማይሆንለት ደግሞ የቻይና ታሪክ ያስረዳል። በ1901 ቻይና ለኀያላን መንግሥታት 450 ሚሊዮን ታኤል ብር ካሣ እንድትከፍል ተፈረደባት። ኤድመንድ ጄምስ የተባሉት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት በ1906 ለአሜሪካ መሪ ለቴዎዶር ሩዝቬልት በጻፉት ማሳሰቢያ፥ የዘመኑን የቻይና ወጣቶች የሚያስተምር መንግሥት በንግድም በአሳብም ትልቁን ትርፍ እንደሚያገኝ አስረዱ። አሜሪካም በ1908 ከካሣው ድርሻዋ ከፊሉን ለትምህርት እንዲውል ለመመለስ ወሰነች፤ በ1911 ወደ አሜሪካ የሚሄዱትን ተማሪዎች የሚያዘጋጀው የጺንግኋ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚሁ ገንዘብ በ1935 ወደ አሜሪካ ከተላኩት አንዱ ቺያን ሹዌሰን ነበሩ። እርሳቸውም የሮኬትን ጥበብ እስከ ጥልቁ ተምረው፥ አሜሪካኖች በጥርጣሬ ለዓመታት ከያዟቸው በኋላ በ1955 ወደ አገራቸው ተመልሰው ለቻይና የሮኬት ሥራ መሠረት ጣሉ። ገንዘቡ የአሜሪካ ነበር፤ ተማሪው ግን ከነዕውቀቱ ለአገሩ ሆነ። ጺንግኋም ዛሬ ከቻይና ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው።

ተማሪ የነበረችው ቻይና ደግሞ በተራዋ ሰጪ ሆነች። ዛምቢያ ወደብ የሌላት አገር ስለ ሆነች መዳቧን በታንዛኒያ በኩል ለመላክ የምድር ባቡር በፈለገች ጊዜ፥ የዓለም ባንክ ሥራው አያዋጣም ብሎ መለሳት። ቻይና ግን በ1967 ተዋውላ፥ ወለድ በሌለው ብድር ከዳሬሰላም እስከ ካፒሪ ምፖሺ 1,860 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሐዲድ ከ1970 እስከ 1975 ሠራች። ሥራው ገና ሳይፈጸም በ1971 ቻይና በተባበሩት መንግሥታት ወንበሯን ስታገኝ፥ ከ76ቱ የድጋፍ ድምፆች 26ቱ የአፍሪካ አገሮች ድምፆች ነበሩ። ሐዲዱንም ለማስተዳደር ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ የታንዛኒያና የዛምቢያ ወጣቶች በቤጂንግ እንዲማሩ ተደረገ። ነገር ግን በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን እንዲያጓጕዝ የታሰበው መስመር በጥገና ማነስና በአስተዳደር ድካም ከዚያ እጅግ ያነሰ እየጫነ ኖረ፤ ሦስቱም መንግሥታት መስመሩን ለማደስ በ2024 ቤጂንግ ላይ እንደ ገና ተፈራረሙ። መለዋወጫ ዕቃውና ገንዘቡ ሳይዘጋጅ ጥቂት መሐንዲሶችን ብቻ ማስተማር እንደማይበቃ ይህ ያሳያል።

የኢትዮጵያም የቀድሞ ሐዲድ ካረጀ በኋላ፥ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ ሐዲድ በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በጥቅምት 2016 ተመረቀ፤ በ2018 መዠመሪያም መደበኛ ሥራውን ዠመረ። ለሥራው የሚበዛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በ2018 የብድሩ መክፈያ ዘመን ከ10 ዓመት ወደ 30 ዓመት እንዲራዘም ስምምነት ተደረገ። ጠቢቡ ሰሎሞን ስለ ተበዳሪና ስለ አበዳሪ የተናገረው ለካህናት እንግዳ አይደለምና፥ ሠላሳ ዓመት የልጅ ልጅ የሚደርስበት ዘመን መሆኑን ማሰብ ያሻል። የሚያስመሰግነው ነገር ግን አለ፤ ሐዲዱን ስድስት ዓመት ሲያንቀሳቅሱ የቈዩት የቻይና ኩባንያዎች በ2024 ሥራውን ለኢትዮጵያና ለጅቡቲ አስረክበዋል። በፊተኛው ሐዲድ ስድሳ አምስት ዓመት የፈጀው በዚህኛው ከምረቃው ስምንት ዓመት ሳይሞላ ተዠምሯል። የተዠመረው ተጠብቆ የሚጸና መሆኑ ግን ባቡሩን በሚነዱት፥ በሚጠግኑትና ሒሳቡን በሚይዙት ወጣቶች ትጋት የሚታይ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ውል የሚቀርብለት ሹም ሦስት ነገር መመርመር ይገባዋል። መዠመሪያ ውሉን ነው። በ1889 በውጫሌ ውል የአማርኛውና የኢጣልያንኛው ቃል በመለያየቱ በአንቀጽ 17 ምክንያት ምን ያህል ደም እንደ ፈሰሰ የዐድዋ ምድር ያውቃል፤ ስለዚህ ማንኛውም ውል ከመፈረሙ በፊት በአገሩ ቋንቋ በአገሩ ሰው ተነብቦ፥ ድርሻውን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ የሚቻል መሆኑና አለመሆኑ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ጥበቡን ነው፤ ሥራው በተዠመረበት ቀን ተተኪውን የማሠልጠን ሥራም አብሮ መዠመር፥ ለጥገናውም የሚሆን ገንዘብ ከመነሻው መለየት አለበት። ሦስተኛው ትምህርቱን ነው፤ በባዕድ ገንዘብ የሚማር ልጅ የአገሩን ቋንቋና ታሪክ አስቀድሞ ጠንቅቆ ቢሄድ፥ ሲመለስም ዕውቀቱን የሚያውልበት ሥራ ቢያገኝ፥ የተማረበትን አገር እያመሰገነ የገዛ አገሩን ያገለግላል። ሥራ ያጣ እንደ ሆነ ግን ያስተማረው አገር ይወስደዋል፤ ጥፋቱም የወሰደው ሳይሆን የላከው ነው።

በዚህ በሦስተኛው ነገር ካህናትም ድርሻ አላቸው። ልጁ በየኔታ እግር ሥር ፊደል ቈጥሮ፥ ዳዊት ደግሞ ያደገ እንደ ሆነ የሩቅ አገር ትምህርት ይጨመርለታል እንጂ የነበረውን አይነጥቀውም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ጌጥ የተነገረ ነው፤ ዕውቀት ግን የተማረው ሰው ገንዘብ ሆኖ ይቀራል። ወዳጅ መንግሥት ለሠራው መንገድና ለከፈተው ትምህርት ቤት ምስጋና ይገባዋል፤ መንገዱ እንዳይፈርስ ትምህርት ቤቱም መምህር እንዳያጣ መጠበቅ ግን የባለአገሩ ግዴታ ነው።