ለምርምር የሚላክ የዱር እንስሳ፦ ዋጋው ያለው በወረቀቱ ላይ ነው

አንዳንድ ሸቀጥ ዋጋው ከራሱ ይልቅ አብሮት በሚጓዘው ሰነድ ላይ ይመሠረታል። ለሳይንስ ምርምር ከአገር አገር የሚላክ የዱር እንስሳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ፈቃዱ የተሟላ ከሆነ ይሸጣል፤ ካልሆነ ይወረሳል፣ አስመጪውንም ለክስ ይዳርጋል።

የንግዱ ዋና ደንብ እ.ኤ.አ. በ1973 በዋሽንግተን ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው፣ ሳይተስ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም በ1989 ገብታበታለች። ስምምነቱ እንስሳትን በሦስት ሠንጠረዦች ይመድባል።

በአንደኛው ሠንጠረዥ የሰፈሩት፣ ለምሳሌ ነብርና አቦሸማኔ፣ ከዱር ተይዘው ለንግድ አይላኩም። ለምርምር ቢፈለጉ እንኳ ሁለት ፈቃድ ያሻል። የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ አስቀድሞ ካልወጣ፣ የላኪው አገር የመውጫ ፈቃድ አይሰጥም። በሁለተኛው ሠንጠረዥ ላሉት በስምምነቱ መሠረት የላኪው አገር ፈቃድ ይበቃል። የመውጫ ፈቃድ የሚያገለግለው ለ6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ የዘገየ ጭነት ሌላ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል።

ሳይንቲስትም ፈቃድ ያወጣል

“ዕቃው ለምርምር ነው” ማለት ከፈቃድ ነፃ አያደርግም። በስምምነቱ ለሳይንስ የተተወው በር ጠባብ ነው፤ በተመዘገቡ የሳይንስ ተቋማት መካከል፣ ያለ ንግድ፣ በውሰት፣ በስጦታ ወይም በልውውጥ የሚተላለፉ የደረቁና ተጠብቀው የቆዩ የሙዚየም ናሙናዎችን ይመለከታል። ከዱር ተይዞ በሕይወት የሚጫን ጦጣ በዚህ በር አያልፍም።

ትልቅ ገዢ የሆነችው አሜሪካ ደግሞ የራሷ ሕግ አላት። በ1900 ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው ሌሲ አክት፣ በተያዘበት አገር ሕግ ተጥሶ የተገኘን እንስሳ ወደ አሜሪካ ማስገባትን ወንጀል ያደርጋል። ስለዚህ ካምቦዲያ ጫካ ውስጥ የተፈጸመ ጥፋት ማያሚ ላይ ያስከስሳል።

የካምቦዲያው ጉዳይ

ይህም በተግባር ታይቷል። ማካክ የተባለው ረጅም ጭራ ጦጣ ለመድኃኒት ሙከራ በብዛት ይፈለጋል፤ የተመዘገበውም በሁለተኛው ሠንጠረዥ ነው። ፈቃዱ ላይ እንስሳው ከዱር ተይዞ እንደሆነ ወይም በማራቢያ ጣቢያ ተወልዶ እንደሆነ በፊደል ይመለከታል። ቻይና በ2020 ወደ ውጭ መላኩን ስታቆም ዋጋው ናረ፤ ካምቦዲያም ለአሜሪካ ዋና አቅራቢ ሆነች።

በኅዳር 2022 የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ፣ ከዱር የተያዙ ጦጣዎች “በጣቢያ የተወለዱ” ተብለው ተልከዋል ሲል ስምንት ሰዎችን ከሰሰ። ሁለቱ የካምቦዲያ የደን አስተዳደር ባለሥልጣናት ነበሩ። ለፍርድ የቀረበው አንደኛው ባለሥልጣን በመጋቢት 2024 ማያሚ ላይ በነፃ ተለቋል።

ገበያው ግን ፍርዱን አልጠበቀም። ኢኖቲቭ የተባለው የምርምር ኩባንያ አክሲዮን ክሱ እንደተሰማ ወረደ። ቻርልስ ሪቨርም በየካቲት 2023 ከካምቦዲያ ማስገባቱን ማቆሙን ሲያስታውቅ አክሲዮኑ ቀነሰ። አንዲት ፊደል ላይ የተነሣ ጥርጣሬ የትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ አናወጠ።

በእኛ አገር

የሳይተስ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብትን ለምርምር ለመውሰድ ሌላ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። የመያዣ፣ የመውጫና የጄኔቲክ ሀብት ፈቃድ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ለምርምር የተሰጠም ለንግድ አያገለግልም።

ስለዚህ ደላላም ሆነ አስተላላፊ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ እንስሳው በየትኛው ሠንጠረዥ ነው? ከየት ተገኘ? የፈቃዱ ጊዜስ መቼ ያልቃል? ለእነዚህ በሰነድ የተደገፈ መልስ የሌለው ላኪ ኮሚሽኑን ቢያበዛም፣ የሚያካፍለው ትርፉን ሳይሆን ዕዳውን ነው።