በቆየ የመስክ መኪና ላይ የባትሪና የግራውንድ ገመዶችን ማሻሻል፦ የኮረንቲው የመመለሻ መንገድ

በአገራችን ለመስክ ሥራ ከሚሰማሩ መኪኖች መካከል የቶዮታ ላንድክሩዘር 70 ቤተሰብ ሰፊ ቦታ ይዟል። ይህ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋወቀው በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ከ1990 ወዲህ ከተገጠሙለት ሞተሮች አንዱ ዋን ኤች ዜድ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ነው። የሞተሩ የመጭመቅ ምጣኔ 22.4 ለ1 ነው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት በመሆኑ፣ ሞተሪኖው ይህን ከባድ ሞተር በበቂ ፍጥነት ማዞር ይኖርበታል። ፍጥነቱ ሲያንስ የታመቀው አየር ሙቀቱን ለሲሊንደሩ ግድግዳ ያስረክባል፣ በፒስተኑም ዙሪያ ያመልጣል፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ከፍ በሚለው የሳነቴ አምባ ሌሊቱን ያደረ መኪና ይህን ፈተና በሁለት በኩል ይጋፈጣል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ብርዱ ደግሞ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፣ የባትሪውንም ኬሚካላዊ ሂደት ያዘገያል። ጠዋት ቁልፉ ሲጠመዘዝ የሚሰማው የሶሌኖይዱ ተደጋጋሚ «ቸክ ቸክ» ብቻ ይሆናል። የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ፍርድ ባትሪው ደክሟል የሚል ነው። አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ለጥቂት ሳምንታት ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል፤ ከዚያም ያው ድምፅ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር እንዲህ ባለው ጊዜ ጥፋቱን በገመዶቹ፣ በተለይም በገመዶቹ መጋጠሚያዎችና በግራውንዱ በኩል መፈለግ እንደሚገባ፣ ወፍራም ገመድ መግጠምም ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ማሳየት ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይበጃል። የአንድ ገመድ ለኮረንቲ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ፣ ከርዝመቱ ጋር ይጨምራል፤ ከውፍረቱ ጋር ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንስ 17.2 ሚሊኦም ያህል ነው። ለስሌት እንዲያመች ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው 1.5 ሜትር፣ ከሞተሩ አካል ተመልሶ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ሌላ 1.5 ሜትር ገመድ አለ እንበል፤ ሁለቱም 25 ካሬ ሚሊሜትር ናቸው። የእያንዳንዳቸው ሬዚስታንስ 1.03 ሚሊኦም ይመጣል። ሞተሪኖው 400 አምፔር በሚስብበት ቅጽበት ሁለቱ ገመዶች በድምሩ 0.83 ቮልት ይወስዳሉ። ገመዶቹ በ50 ካሬ ሚሊሜትር ቢተኩ የሚጠፋው ቮልቴጅ ወደ 0.41 ይወርዳል። ፖዘቲቩ ብቻ ተቀይሮ ግራውንዱ በነበረበት ቢተው ትርፉ ከዚህ ግማሹ፣ 0.2 ቮልት ብቻ ነው። የሚያሳዝነው ግን በብዛት የሚደረገው ይኸው ነው፤ ቀዩ ገመድ ይለወጣል፣ ጥቁሩ ይረሳል።

አሁን በዚሁ ስሌት ላይ አንድ የዛገ መጋጠሚያ እንጨምር። የግራውንዱ ገመድ ከሞተሩ ጋር በሚታሰርበት ቦታ ዝገት፣ ቀለም ወይም የላላ ብሎን 3 ሚሊኦም ቢፈጥር፣ በ400 አምፔር 1.2 ቮልት እዚያች ነጥብ ላይ ይቀራል፤ 480 ዋት የሚያህል ኃይልም ወደ ሙቀት ይለወጣል። የውስጥ ሬዚስታንሱ 5 ሚሊኦም የሆነ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ በዚህ ጭነት ሥር በራሱ ጫፎች ላይ የሚሰጠው 10.6 ቮልት ነው። መጋጠሚያው የጸዳ አሮጌው ቀጭን ገመድ ከዚህ 9.8 ቮልት ለሞተሪኖው ያደርሳል። አዲሱ ወፍራም ገመድ በዛገ መጋጠሚያ ላይ ቢታሰር የሚደርሰው 9.0 ቮልት ብቻ ነው። እርግጥ ኮረንቲው ቋሚ አይደለም፤ ቮልቴጁ ሲወርድ እሱም ይቀንሳል፣ ሞተሪኖውም ይዘገያል። የንጽጽሩ አቅጣጫ ግን አይለወጥም፦ ውድ ገመድ ገዝቶ ዝገትን ያልፋቀ ባለመኪና ገመዱን ሳይለውጥ ዝገቱን ከፋቀው ጎረቤቱ የባሰ ውጤት ያገኛል።

ግራውንዱ ለምን ይረሳል? ለዓይን ስለማይታይ ይመስለኛል። ፖዘቲቩ ገመድ መነሻና መድረሻው የታወቀ ነው፤ መመለሻው ግን «ብረቱ ራሱ» ነው ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚያርፈው በጎማ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ጎማ ኮረንቲ አያሳልፍም። ሞተሪኖው የሚመልሰው ኮረንቲ ሁሉ ከሞተሩ የሚወጣው በግራውንዱ ገመድ ነው። ያ ገመድ ሲበጠስ ወይም ሲዝግ ኮረንቲው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በነዳጅ መስጫው ገመድ፣ በእጅ ፍሬኑ ገመድ፣ ከዚያም አልፎ በማስተላለፊያው ዘንግና በኩሽኔቶቹ በኩል ለመመለስ ይሞክራል። ሞተር በሚነሣበት ጊዜ የነዳጅ መስጫው ገመድ ቢግል ወይም ሽፋኑ ቢቀልጥ ምክንያቱ ይህ ነው። ዲናሞውም ከዚሁ ችግር አያመልጥም። የዲናሞው ኔጋቲቭ የሞተሩ አካል በመሆኑ፣ በግራውንዱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ከባትሪው ሙሌት ላይ ይቀነሳል። ሳይሞላ የሚኖር የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ሳህኖቹ ሰልፌት እየያዙ ዕድሜው ያጥራል። አዲስ የተገዛው ባትሪ ከሳምንታት በኋላ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ባትሪውን የሸጠው ሰው ያለጥፋቱ ይወቀሳል።

እንግዲህ ከመለወጥ በፊት መለካት ይቀድማል። እዚህ ላይ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ብዙዎች መልቲሜትሩን በኦም መለኪያው ላይ አድርገው የገመዱን ሁለት ጫፍ ይነካሉ፣ ዜሮ ሲያነቡም ገመዱ ጤነኛ ነው ይላሉ። ተራ መልቲሜትር ለይቶ የሚያሳየው ትንሹ መጠን 0.1 ኦም፣ ማለትም 100 ሚሊኦም ነው። ከላይ ያየነው ጥፋት 3 ሚሊኦም ስለሆነ መሣሪያው ጭራሽ አያየውም፤ ከመቶ ሽቦዎች አንድ ብቻ የቀረው ገመድም በዚህ መለኪያ «ጤነኛ» ነው። ትክክለኛው ዘዴ ሞተሪኖው ሥራ ላይ እያለ ቮልቴጅ መለካት ነው። ሞተሩ እንዳይነሣ ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ ሽቦ ይነቀላል። አንዱ የመልቲሜትር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ምሰሶ ላይ፣ በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው አካል ላይ ይደረጋል፤ ረዳት ሰው ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ያዞራል። በሙያው የተለመደው ግምት በግራውንዱ በኩል ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት፣ በፖዘቲቩ በኩል እስከ 0.5 ቮልት ቢጠፋ እንደ ደህና የሚቆጠር መሆኑ ነው። ከዚህ ካለፈ አንዱን ጫፍ ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እያዛወሩ ቁጥሩ የሚዘልበትን ነጥብ ማግኘት ይቻላል። የቤተ ሙከራ ልምድ ያለው አንባቢ ይህ ባለ አራት ሽቦ የኬልቪን መለኪያ መሆኑን ያስተውላል፤ ኮረንቲውን የሚስበው ሞተሪኖው ነው፣ ቮልቴጁ የሚነበበው በተለየ ሽቦ ነው።

መቀየር አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ፣ በመጀመሪያ መኪናው 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑ ይረጋገጥ፤ ይህ ሞተር በሁለቱም ዓይነት ይገኛል። በ24 ቮልት ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ግማሽ ስለሆነ፣ በአንድ ዓይነት ገመድ ላይ የሚባክነው ኃይል ሩብ ይሆናል። ወፍራም ገመድ ብዙ የሚጠቅመው ስለዚህ በ12 ቮልቱ ላይ ነው። ገመዱ ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት፣ የሚተጣጠፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ደረቅ ገመድ ይሰበራል። በገበያ ላይ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ገመድ በመዳብ ስም ሊሸጥ ይችላል። አንዱን ሽቦ በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ የአሉሚኒየም ሬዚስታንስ ከመዳብ በ60 በመቶ ያህል ይበልጣልና ወፍራም መስሎ የታየው ገመድ ከአሮጌው ላይሻል ይችላል።

ጫፎቹን በብየዳ ወይስ በመጭመቅ ማያያዝ ይሻላል የሚለው ጥያቄ በጋራዦች ዘንድ ያከራክራል። እኔ በትክክለኛ መሣሪያ የተጨመቀውን እመርጣለሁ። የብየዳው ቆርቆሮና እርሳስ በሽቦዎቹ መካከል ሰርጎ ሲደርቅ ገመዱን ያደርቀዋል፤ ድርቀቱ በሚያበቃበት መስመር ላይ ንዝረቱ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይሰብራል። የተለመደው ብየዳ በ190 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥም፣ የጋለ መጋጠሚያ ራሱን ሊፈታ ይችላል። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጫፍ ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። የሚታሰርበት የብረት ገጽ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ እስኪያበራ ይጸዳል፤ ጫፉ በቀጥታ ብረቱን ይነካል፣ ሮንዴላው ከላይ ይሆናል፤ ቫዝሊን የሚቀባው ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ወፍራሙ ገመድ በቀጥታ ወደ ሞተሩ፣ ሞተሪኖው ወደታሰረበት አቅራቢያ ይሂድ፤ ከሞተሩ ወደ ሻንሲውና ወደ ቦዲው ደግሞ የየራሳቸው ገመድ ይኑራቸው። ዊንች ያለው መኪና የዊንቹን ኔጋቲቭ ወደ ባትሪው መመለስ እንጂ በአቅራቢያው ባለ የሻንሲ ብሎን መገላገል የለበትም።

ወፍራም ገመድ የራሱን አደጋ ይዞ እንደሚመጣ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የሞተሪኖ ገመድ ባብዛኛው ፊውዝ የለውም። ሽፋኑ በሻንሲው ጠርዝ ተፍቆ ብረት ቢነካ፣ ከላይ በጠቀስነው ባትሪ ከ2,000 አምፔር በላይ ሊፈስ ይችላል፤ ገመዱ በወፈረ ቁጥር ይህን የሚገታው ነገር ያንሳል። ስለዚህ ገመዱ ከማርሚታና ከነዳጅ ቱቦ ርቆ፣ በተጨማሪ መከላከያ ቱቦ ተሸፍኖ፣ በየጥቂቱ ርቀት ተይዞ መዘርጋት አለበት። በሥራው ጊዜ አስቀድሞ የሚፈታው፣ መጨረሻም የሚታሰረው ኔጋቲቩ ነው፤ ኔጋቲቩ ታስሮ ሳለ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ ቦዲውን ቢነካ ሙሉው የባትሪ ኮረንቲ በመፍቻው በኩል ያልፋል። ሥራው ሲያልቅ ያው የቮልቴጅ ልኬት ይደገማል፤ ሁለቱ ንባቦች ከቀኑ ጋር በመኪናው መዝገብ ላይ ቢሰፍሩ፣ በሚቀጥለው ክረምት ቁጥሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ከመስክ ጉዞው በፊት ይታወቃል።