ያልታየችው መስመር፦ የባዮሜዲካል ሳይንስ ተማሪ ምን ይማራል?

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሚለውን ስም የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያስባል። ወይ የሆስፒታል መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ባዮሜዲካል ምሕንድስና የሚባለው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ወይም ደግሞ ትምህርቱን ሕክምና ለመግባት ነጥብ ያልበቃው ተማሪ የሚያርፍበት ቦታ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው የባሰ ጉዳት አለው፤ ተማሪው ገና ከመነሻው ልቡን ሌላ ቦታ ጥሎ እንዲማር ያደርገዋልና።

ለመሆኑ ትምህርቱ ስለምን ነው? በእንግሊዝ አገር በዚሁ ስም የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ ተመራቂው በሙያው ስም ተጠርቶ ለመሥራት በሕግ መመዝገብ ይኖርበታል። በአገራችን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ከዚህ ጋር እጅግ የሚቀራረበው የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ነው። ስሙ ይለያይ እንጂ የትምህርት ዓይነቶቹ ይመሳሰላሉ፦ ባዮኬሚስትሪ፣ ኢሚዩኖሎጂ፣ ጄኔቲክስ፣ ፓራሲቶሎጂ፣ ሄማቶሎጂ፣ ስታቲስቲክስና ሌሎችም። ተማሪውን የሚያስጨንቀው ብዛታቸው ብቻ ሳይሆን አንዱን ከሌላው የሚያያይዘው ክር አለመታየቱም ጭምር ነው። ክሩን ለማሳየት ከዝርዝር ይልቅ አንድ ምሳሌ ይበጃል። በየጤና ጣቢያው የሚገኘውን ፈጣን የወባ መመርመሪያ እንውሰድ።

መመርመሪያው በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት መሰል ጠባብ ቁራጭ ነው። ከጣት የተወሰደ ጠብታ ደምና ጥቂት ፈሳሽ ሲጨመርበት እርጥበቱ በቁራጩ ላይ እየተሳበ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ደቃቅ የወርቅ ብናኝ የተያያዘባቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይጠብቁታል። በደሙ ውስጥ ኤችአርፒ-2 የተባለው ፕሮቲን ካለ ይይዙታል። ጥቂት ራቅ ብሎ በቦታቸው የተተከሉ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ ፕሮቲኑን ከነወርቁ ያስቀሩታል። የተከማቸው ወርቅ ቀይ መስመር ሆኖ በዓይን ይታያል። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ማለትም ገዳይ የሆነው የወባ ጥገኛ ነው። ከሱ ራቅ ብላ የምትታየው የመቆጣጠሪያ መስመር ግን ስለ በሽተኛው ምንም አትናገርም፤ ፈሳሹ በትክክል መጓዙንና መመርመሪያው መሥራቱን ብቻ ትመሰክራለች።

እንግዲህ የመቆጣጠሪያዋ መስመር ታይታ የፋልሲፓረሟ መስመር ባትታይ፣ ውጤቱ «ወባ የለም» ማለት ነውን? በሚገባ የተማረ ተማሪ «ፕሮቲኑ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። የሁለቱ መልሶች ልዩነት የቃላት ስንጠቃ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚህ ልዩነት ውስጥ የሰው ሕይወት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች ኤችአርፒ-2ን የሚያሠራው ዘረ መል የጠፋባቸው የፋልሲፓረም ጥገኞች በፔሩ መገኘታቸውን ዘገቡ። ጥገኛው ያለዚህ ፕሮቲን መኖር፣ መራባትና ሰውን ማሳመም ይችላል። ቆየት ብሎ በጎረቤታችን በኤርትራ መመርመሪያው «የለም» ያላቸው ሕሙማን በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ወባ ይገኝባቸው ጀመር። አገሪቱም በ2016 መመርመሪያዋን ለወጠች። በ2018 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በጊንዳዕ ሆስፒታል ከ26 ሕሙማን በ21ዱ፣ በምጽዋ ሆስፒታል ደግሞ ከ24ቱ በ10ሩ ላይ የተገኘው ጥገኛ ዘረ መሉ አልነበረውም። በኢትዮጵያም በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ በ2021 ታትሟል። በዚያ ጥናት ግምት መሠረት በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የቆመ መመርመሪያ ዘረ መሉ በመጥፋቱ የተነሣ ከ100 የፋልሲፓረም ሕሙማን ወደ 10 የሚጠጉትን ያልፋቸዋል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ነገሩ በዚህ አያበቃም። ወባው የተገኘበት ሰው መድኃኒት ይወስዳል፤ በደሙ ያለውም ጥገኛ ይሞታል። ያልተገኘበት ሰው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማታ የነደፈችው ትንኝም ከመመርመሪያው ያመለጠውን ጥገኛ ይዛ ትሄዳለች። በሌላ አነጋገር መመርመሪያው ራሱ ሳይታወቀው ጥገኞችን እያበጠረ፣ የማይታዩትን እያበዛ ነው። ዳርዊን የተፈጥሮ ምርጫ ያለው ሥርዓት በጤና ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ሲፈጸም ከዚህ የተሻለ ማሳያ ለማግኘት ይከብዳል። መስመሯን ያስገኘው ኢሚዩኖሎጂ፣ የጠፋችበትን ምክንያት የሚያስረዳው ጄኔቲክስ፣ የመጥፋቷን መስፋፋት የሚተነብየው የዝግመተ ለውጥ ትምህርት በአንዲት ቁራጭ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ስሕተት በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል፤ ብዙ ተማሪ የሚሰለቸው ስታቲስቲክስ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ከ1,000 ሰዎች 10ሩ ብቻ የታመሙበትን መንደር እናስብ። መመርመሪያችን 10ሩንም ያገኛል እንበል፤ ነገር ግን ከ100 ጤነኞች 5ቱን በስሕተት «ታመዋል» ይላል። ከ990 ጤነኞች 50 ያህሉ ታማሚ ተብለው ይቆጠራሉ። ስለዚህ «አለ» ከተባሉት 60 ሰዎች በእውነት የታመሙት 10 ብቻ ናቸው። ያው መመርመሪያ ግማሹ ሕዝብ በታመመበት ቦታ ቢወሰድ «አለ» የሚለው ቃሉ በአብዛኛው እውነት ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ባለሙያ መሣሪያው ምንም ያህል ቢዘምን ውጤት አንባቢ እንጂ ተርጓሚ አይሆንም።

በኤርትራ የተደበቀውን ጥገኛ ለማጋለጥ የረዳው ደግሞ ተማሪዎች «ያረጀ ዘዴ» የሚሉት ማይክሮስኮፕ መሆኑ ያስገርማል። በስላይድ ላይ ሁለት ዓይነት የደም ቅብ ይዘጋጃል። ስሱ ቅብ በሜታኖል እንዲጸና ይደረጋል፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ቅርጻቸውን እንደያዙ ስለሚቆዩ የጥገኛውን ዝርያ ለመለየት ያገለግላል። ወፍራሙ ቅብ ሜታኖል አይነካውም፤ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተው ጥገኞቹ ስለሚቀሩ ብዙ ደም በአንድ ጊዜ ለመፈተሽ ይመቻል። ሁለቱም በጂምሳ ቀለም ተነክረው በ1,000 እጥፍ አጉልቶ በሚያሳይ ሌንስ ይታያሉ። ጀማሪ ተማሪ አሥር ያህል እይታዎችን ተመልክቶ «የለም» ብሎ ለመጻፍ ይቸኩላል። ደንቡ ግን «የለም» ከመባሉ በፊት በወፍራሙ ቅብ ላይ ቢያንስ 100 እይታዎች አንድ በአንድ እንዲፈተሹ ያዛል። ከተነበቡትም ስላይዶች የተወሰኑት ይቀመጡና የመጀመሪያውን ውጤት የማያውቅ ሌላ አንባቢ እንደገና ያያቸዋል።