የጓሮ በሩን ማን ከፈተው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2013 ሁለት የኢሳት ቴሌቪዥን ሠራተኞች፣ አንዱ ቤልጂየም ሌላው ቨርጂኒያ ሆነው፣ በስካይፕ ፋይል ይላክላቸዋል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ። ፋይሉ ለጣቢያው የተጻፈ ጽሑፍ ይመስላል። ጉዳዩን የመረመረው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ ከሁለት ወር በኋላ ባወጣው ሪፖርት ግን የተላከው ነገር ሐኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ለመንግሥታት ብቻ እሸጠዋለሁ የሚለው የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ መገኘቱን አስታወቀ። በ2015 ኩባንያው ራሱ ተሰብሮ የውስጥ ደብዳቤዎቹ አደባባይ ሲወጡ ደግሞ የኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ከደንበኞቹ መካከል እንደነበር ታየ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ ይባልልኝ። ሶፍትዌሩ ለመንግሥታት የሚሸጥ፣ በባለሙያ የተራቀቀ ነው። ሆኖም በሩን የሚከፍትለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ፋይሉን ተቀብሎ የሚከፍተው ሰው። ባክዶር የሚባለው የተንኮል ሶፍትዌር አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ከፍቶለት።

ባክዶር ማለት ባለቤቱ ሳያውቅ፣ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ወደ አንድ ኮምፒውተር መግባትና መውጣት የሚያስችል ስውር መንገድ ነው። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ሥራው ማስፈራራት ስለሆነ ራሱን ያሳውቃል። የባክዶር ጥቅም ግን መቆየቱ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ካዘገየው ወይም ባለቤቱን ካስደነገጠው ይያዛል። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ባክዶር ያለበት ላፕቶፕ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ወርድ ይከፈታል፣ ፊልም ይታያል፣ ኢሜይል ይላካል። «የእኔ ደህና ነው፣ ምንም አይዘገይም» የሚለው ማረጋገጫ እዚህ ላይ አይሠራም።

ፋይሉ ሲከፈት የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንየው። «ቃለ ጉባኤ» የሚል ስምና የፒዲኤፍ ምልክት ያለው ፋይል በኢሜይል ደረሰን እንበል። ዊንዶውስ እንደተጫነ ካልነካነው በቀር የሚያውቃቸውን የፋይል ዓይነቶች መጨረሻ ስለሚደብቅ፣ «ፒዲኤፍ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የተቀጠለው «ኢኤክስኢ» አይታየንም። ኢኤክስኢ ማለት ደግሞ የሚነበብ ሰነድ ሳይሆን የሚሠራ ፕሮግራም ማለት ነው። ከዚህ የረቀቀም ዘዴ አለ። እንደ ዐረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተዘጋጀ፣ በዓይን የማይታይ ምልክት አለ፤ በፋይሉ ስም መሐል ሲገባ የስሙን ቅደም ተከተል ስለሚገለብጥ ፕሮግራሙ ፎቶ መስሎ ይታያል። በ2012 በባሕሬን ተሟጋቾች ላይ የተላከው ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በዚህ መንገድ ራሱን ፎቶ አስመስሎ ነበር።

ፋይሉን ሁለቴ ስንጫነው እውነተኛ ሰነድ ይከፈታል፤ እናነበዋለን፣ እንዘጋዋለን። በዚያው ቅጽበት ፕሮግራሙ ራሱን በተጠቃሚው አቃፊ ውስጥ ሰው ወደማይመለከተው ንዑስ አቃፊ ይገለብጣል። ይህ ቦታ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለማይጠይቅ ምንም ጥያቄ ብቅ አይልም። ከዚያ የዊንዶውስ ክፍል በሚመስል ስም ይጠራል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ ይመዘገባል፤ ወይ ሬጅስትሪ ውስጥ፣ ወይ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስጀምረው የዊንዶውስ መርሐ ግብር ውስጥ።

ቀጥሎ የሚመጣውን ብዙ ሰው በተቃራኒው ያስበዋል። ሰርጎ ገቡ ከውጭ መጥቶ የሚያንኳኳ ይመስለናል። የቤትና የቢሮ ራውተሮች ግን ከውስጥ ካልተጠራ በቀር ከውጭ የሚመጣን ግንኙነት አያስገቡም። ስለዚህ የሚደውለው ከውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። በየተወሰነው ደቂቃ ወደ አንድ ሰርቨር ጎራ ብሎ ትእዛዝ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ ይተኛል። ግንኙነቱም ድረ ገጽ ስንከፍት የምንጠቀምበትን የተመሰጠረ መንገድ ስለሚከተል ከተራው የኢንተርኔት እንቅስቃሴ ጋር ይቀላቀላል። ፋየርዎል ብቻውን ይህን የማያቆመው ለዚህ ነው፤ የሚወጣውን የፈቀደው ባለቤቱ ይመስለዋል።

ትእዛዝ ሲመጣ የሚደረገው ብዙ ነው። በኪቦርድ የሚጻፈው ይመዘገባል፣ የስክሪኑ ምስል ይነሣል፣ ማይክሮፎንና ካሜራ ይከፈታል፣ ፋይል ይወጣል፣ ሌላ ፕሮግራም ይገባል። ሜሪላንድ ይኖር የነበረና ለደህንነቱ ሲባል በፍርድ ቤት ሰነዶች «ኪዳኔ» ተብሎ የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ ባቀረበው ክስ፣ ፊንስፓይ የስካይፕ ጥሪዎቹንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ለወራት ሲቀዳ እንደቆየ ገልጿል። መነሻው ከኢሜይል ጋር የተያያዘ የወርድ ሰነድ ነበር፤ የላከለትም የሚያውቀው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ከሌላ የደረሰውን ነበር ያስተላለፈው። «ከማላውቀው ሰው የመጣ ፋይል አልከፍትም» የሚለው ጥንቃቄ ጥሩ ቢሆንም እንደማይበቃ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ክሱን የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም በደሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ በአገሪቱ ሕግ የውጭ መንግሥትን ለመክሰስ አይቻልም የሚል ነበር። እኔ ይህን ውሳኔ መቀበል ይከብደኛል። ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተሩ የተሰለለበት ሰው በደሉ የደረሰበት እዚያው ቤቱ ነው።

በዚያው 2017 መጨረሻ ሲትዝን ላብ ሌላ ሪፖርት አወጣ። ይህኛው ሳይበርቢት ከተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተገኘ ሶፍትዌር ሲሆን፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ኢላማ ነበሩ። ቪዲዮ አለ የሚል ሊንክ ይላካል፤ ቪዲዮው ግን የአዶቤ ፍላሽ ማጫወቻ ካልታደሰ አይከፈትም ይላል። የሚወርደው «ማደሻ» ስለላው ራሱ ነው። ዛሬም «ይህን ለማየት መጀመሪያ ይህን ይጫኑ» የሚል ገጽ ሲገጥመን ያው ወጥመድ ነው። የፍላሽ ማጫወቻ ራሱ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የቀረ ነገር ነው።

አብዛኞቻችን ግን የስለላ ድርጅት አይከተለንም። ወደ እኛ የሚመጣው በተራው መንገድ ነው። ፎቶኮፒ ቤት የሰካነው ፍላሽ ዲስክ ሲመለስ አቃፊዎቹ ሁሉ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያላቸው አቋራጮች ሆነው እናገኛለን። እውነተኞቹ ፋይሎች አልጠፉም፣ ተደብቀዋል። አቋራጩን ስንጫነው መጀመሪያ ስውሩን ፕሮግራም ያስነሣል፣ ወዲያው አቃፊያችንን ይከፍትልናል። የፈለግነው ስለተከፈተ አንጠራጠርም። ማይክሮሶፍት በ2014 በሕግ ጭምር የዘመተባቸው ብላዳቢንዲና ጄንክሰስ የተባሉ ባክዶሮች በፍላሽም ይዛመቱ ነበር።

ከፍላሹ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ክራክ፣ ማለትም ያልተገዛን ሶፍትዌር ያለ ክፍያ የሚያነቃ ፕሮግራም ነው። ላፕቶፕ ተገዝቶ ዊንዶውስና ኦፊስ ለማስጫን ኮምፒውተር ቤት ሲሄድ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ አለበለዚያ ማንቂያው ፕሮግራም አይሠራም። ይህን እንደ ተራ ነገር እናየዋለን። ልብ ብለን ብናየው ግን ማን እንደሠራው የማናውቀውን ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ጠባቂውን ዘወር አድርገን ማስገባታችን ነው። ሁሉም ክራክ ባክዶር አለው ማለቴ አይደለም፤ ያለውን ከሌለው የምንለይበት መንገድ ግን አስቀድመን ዘግተነዋል። ሰው ወዶ አይደለም። የሕጋዊው ሶፍትዌር ዋጋ በዶላር ነው፣ በዓለም አቀፍ ካርድ መክፈል ለብዙው ኢትዮጵያዊ አይቻልም። እንዲያም ሆኖ አማራጭ አለ። ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል፣ ግዕዝ ፊደልንም ያለችግር ይጽፋል። ኡቡንቱም ነጻ ነው። በማይታመን ማንቂያ ከነቃ ዊንዶውስ ይልቅ ስክሪኑ ጥግ ላይ «አልነቃም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዊንዶውስ ይሻላል፤ የደህንነት ማሻሻያዎቹ አይቋረጡበትም።

ተጠቃሚው ምንም ሳያጠፋ የሚገባም አለ። በ2020 ሶላርዊንድስ የተባለ ኩባንያ ለደንበኞቹ በላከው ሕጋዊ ማሻሻያ ውስጥ ባክዶር ተደብቆ ወደ 18 ሺህ ተቋማት ደረሰ። የተጋለጠው ፋየርአይ የተባለው የደህንነት ኩባንያ በአንድ ሠራተኛው መለያ ላይ ያልታወቀ ሁለተኛ ስልክ ተመዝግቦ ስላየ ነበር። በ2024 ደግሞ ጂያ ታን በሚል ስም የሚታወቅ ሰው፣ ኤክስዜድ የተባለውን ነጻ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ለሁለት ዓመት ያህል ሲያግዝ ቆይቶ አመኔታ ካገኘ በኋላ ባክዶር ሰካበት። ፕሮግራሙ በየሊኑክሱ ያለ ስለሆነ በጊዜው ባይገኝ ኖሮ የዓለም ሰርቨሮች ስፍር ቁጥር በሌለው መጠን ይከፈቱ ነበር። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው፤ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አልዋጥ ብሎት ምክንያቱን ሲፈልግ።

እኛ ግማሽ ሰከንድ አንለካም። ልናይ የምንችለው ሌላ ነው። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ የሆነው ዲፌንደር ሳንነካው ጠፍቶ ከተገኘ፣ ወደ ጂሜይላችን ከማናውቀው ከተማ ወይም በማናውቀው መሣሪያ የገባ ሰው ከታየ፣ ከቴሌግራማችን ያልጻፍነው መልእክት ከወጣ ጥርጣሬው በቂ ነው።

በዚህ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቁ። ትእዛዝ የሚቀበለው በዚያ ነውና ይታፈናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ በዚያው ኮምፒውተር ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል። አዲሱም ሲጻፍ ይመዘገባል፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስም ይላካል። ንጹሕ ከሆነ ሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ ከስልክ፣ መጀመሪያ የኢሜይሉን ከዚያ የሌሎቹን የይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ። የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም። ሰርጎ ገቡ እርስዎ ቀድመው የገቡበትን ክፍት ቆይታ (ሴሽን) ሰርቆ ከሆነ ቃሉን ሳያውቅም ይቀጥላል። ስለዚህ «ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ» የሚለውን ይጫኑ፤ ቴሌግራም ላይ «መሣሪያዎች» በሚለው ስር ሌሎቹን ሁሉ ማባረር ይቻላል።

ከዚያ ምርመራው። የተነሣ ባክዶር ራሱን ከአንቲቫይረስ ሊደብቅ ስለሚችል ዊንዶውስ ሳይነሣ መፈተሽ ይሻላል። ዲፌንደር ውስጥ ከፍተሻ አማራጮች መካከል «ኦፍላይን» የሚለው ይህን ያደርጋል፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣና ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈትሻል። ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ ማይክሮሶፍት አውቶራንስ የተባለ ነጻ መሣሪያ አለው፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነሣውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ የማይክሮሶፍትን ራሱን ሲደብቁት የቀረው ዝርዝር አጭር ይሆናል።

አንቲቫይረሱ አንድ ነገር አግኝቶ «ተወግዷል» ሲል ብዙዎች እፎይ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። እኔ አልመለስም። በዚያ በር የገባ ሰው ሌላ በር ከፍቶ፣ ሌላ ፕሮግራም አስቀምጦ፣ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ አንቲቫይረስ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሐቀኛው መፍትሔ ፎርማት ነው። የዊንዶውስ መጫኛውን ከማይክሮሶፍት ገጽ ላይ፣ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ያዘጋጁ። ሲጭኑ ሁሉንም የዲስክ ክፍልፋዮች ያጥፉ። ከፎርማት የሚተርፍ እንደ ሎጃክስ ያለ፣ በ2018 የተገኘ፣ በማዘርቦርዱ ውስጥ የሚቀመጥ ዓይነት አለ፤ ግን እጅግ ብርቅ ነውና ለብዙዎቻችን እንቅልፍ የሚነሣ ስጋት አይደለም። ጋዜጠኛ ወይም የመብት ተሟጋች ከሆኑ ግን ከማጥፋትዎ በፊት ለባለሙያ ያሳዩ። የኢሳቱም የኪዳኔም ጉዳይ የታወቀው ማስረጃው ስላልጠፋ ነው።

ከፎርማቱ በፊት ከአሮጌው ዲስክ በሌላ ፍላሽ የሚቀመጠው ፎቶና ሰነድ ብቻ ይሁን፤ ፕሮግራም፣ ክራክ፣ መጫኛ አይመለስ። አዲሱ ዊንዶውስ ላይ በመጀመሪያ የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ ያድርጉ፤ «ቪው» በሚለው ስር አንድ ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ የሰነዶቹን ፍላሽ ሰክተው አንድም ፋይል ሳይከፍቱ ሙሉውን በዲፌንደር ያስፈትሹ፤ «ኢኤክስኢ» ወይም «ኤስሲአር» (እሱም የሚሠራ ፕሮግራም ነው) የሚል መጨረሻ ያለው «ፎቶ» ካገኙ ሳይከፍቱት ያጥፉት።