«ፍሬን በጠሰ» ከመባሉ በፊት

በአገራችን መንገዶች ላይ አደጋ በደረሰ ቍጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረውና ከሁሉ ቶሎ የሚታመነው ቃል «ፍሬን በጠሰ» የሚለው ነው፤ ሹፌሩ ይናገረዋል፣ ረዳቱ ይመሰክርለታል፣ የተሰበሰበውም ሕዝብ ከንፈሩን እየመጠጠ ይቀበለዋል፣ ከዚያም ነገሩ ከሰው ጥንቃቄም ከሰው ቸልታም ውጭ ሆኖ ከሰማይ እንደ ወረደ መቅሠፍት ተቈጥሮ ይዘጋል። እኔ ግን በባሌ ደጋ መንገዶች እየተመላለስሁ ካየሁትና ከመካኒኮች አፍ ከሰማሁት የተነሣ፣ ይህ ቃል ምክንያተ አደጋውን ከመግለጥ ይልቅ መሸፈኑ እንደሚበዛ አምናለሁ፤ መኪና ቀደም ብሎ ሕማሙን ሳይናገር የሚወድቅበት ጊዜ ጥቂት ነውና።

የዓለም የጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ከ100,000 ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ ሕይወቱን ያጣል፤ ለዚያው ዓመት ከመንግሥት የቀረበው የሟቾች ቍጥር 4,352 ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነበር። የሁለቱ ቍጥሮች መራራቅ ብቻውን ስንት ሞት ሳይጻፍ እንደሚቀበር ያመለክታል፤ ያልተጻፈ ሞት ደግሞ ምክንያቱ ሊመረመር ቀርቶ ሊጠየቅም አይችልም።

ባሌን ለዚህ ነገር ምስክር አድርጌ የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የስንዴ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ጎባ ከእርስዋ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ በተራራው እግር ሥር ተቀምጣለች፤ ከጎባ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ ግን ሽቅብ ወጥቶ፣ 4,377 ሜትር የሚለካውን ቱሉ ዲምቱን እያሳየ የሳነቴን አምባ በ4,000 ሜትር ከፍታ ካቋረጠ በኋላ፣ በሐረና ገደል እየተጠማዘዘና ጥቅጥቁን ደን እየሰነጠቀ፣ በሪራ በኩል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ከሆነው ከደሎ መና ቈላ ይደርሳል። በአንድ መዓልት ውስጥ ከውርጭ ወደ ሐሩር የሚያወርድ፣ በአፍሪካ ካሉት የመኪና መንገዶች ሁሉ ከከፍተኞቹ የሚቈጠር ጐዳና ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚመጣው እንግዳ፣ ስንዴ የጫነው አይሱዙ፣ የሐረናን ቡና የሚያወጣው ነጋዴና ሕዝብ ያሳፈረው ሃይሩፍ ሁሉ መንኰራኵራቸውን የሚያስፈትኑት በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

የሕማሙን ምልክት ማንበብ እንዴት እንደሆነ እኔ ራሴ የተማርሁት ባሳፈረኝ አጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ከዘነበ በኋላ በሲናና የስንዴ ማሳዎች መካከል በሚያልፍ የጭቃ መንገድ ወጥቼ ወደ ሮቤ አስፋልት ስገባ መሪው በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ እኔም ቴስቲናው አልቋል ብዬ ፈርጄ፣ የዕቃውን ዋጋ በልቤ እያሰላሁ፣ ከአንድ ጎሚስታ ደጅ ቆምሁ። ወጣቱ መኪናውን በክሪክ አነሣና ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ነቅንቆ፣ «ጋሼ፣ ቴስቲናውስ ደኅና ነው፤ መሬት ጭነው ነው የመጡት» አለኝ። ከቸርኬው ውስጠኛ ጎን በብረት የፋቀው ጥቍር ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ የተጋገረ ነበር። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን 100 ግራም ጭቃ እንኳ በአንድ ጎን ሲጣበቅ፣ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር በሚሮጥበት ጊዜ፣ በየዙሩ ጎማውን 10 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትተዋል። ስለዚህ ንዝረቱ ከአንድ ፍጥነት ላይ ሲደረስ የሚመጣና ሲቀነስ የሚጠፋ እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የጎማው ባላንስ ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ እንደሆነ ግን ዲስኩ ወይም ታምቡሩ ነው።

ያው ወጣት የጎማን አበላል ሲያስረዳኝ የደብተራ ያህል ቀኖና ነበረው። ሁለቱ ጠርዞቹ ተበልተው መካከሉ የተረፈ ጎማ ንፋስ አንሶት የኖረ ነው፤ መካከሉ ብቻ የተበላው ንፋስ የበዛበት ነው፤ አንድ ጠርዙ ብቻ የተበላ እንደሆነ የአላይመንት መዛባትን ወይም የብራቾ ቡሽ ማለቅን ይናገራል፤ እዚህም እዚያም የተጐደጐደ እንደሆነ ግን ሾክ አብዞርበሩ ደክሞ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ሲዘል ከርሟል። መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት እንደሆነ ደግሞ ገንዘብ ሳይወጣ የሚደረግ ፈተና አለ፤ ሁለቱን የፊት ጎማዎች ቀኝና ግራ ማለዋወጥ ነው። መጎተቱ ጎን ከለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ካልለወጠ እግሩ ይታይ። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚጎትት ከሆነ ግን ነገሩ የፍሬን ነው፤ በአንዱ ጎን ዘይት ሸራውን አርሶት ወይም ፒስተኑ ነክሶ ይሆናል።

የሳነቴ ነገር ከዚህ ይለያል። በአነስተኛ መኪኖች ላይ የእግርን ኃይል የሚያበዛው የፍሬን ክፍል ጕልበቱን የሚበደረው ከአየሩ ግፊት ነው፤ በ4,000 ሜትር ላይ ይህ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 ከመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በጎባ ለስላሳ የነበረው ፍሬን በሳነቴ ከበድ ቢል የሚያስገርም አይደለም፤ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይበቃል። በዚያ ላይ ሆኖ የጎማ ንፋስ ለክቶ ማስተንፈስ ግን ስንፍና ነው፤ የአየሩ መሳሳት መለኪያውን ከፍ ሲያደርገው ብርዱ ዝቅ ያደርገዋልና።

ዐቢዩ ነገር ቍልቍለቱ ነው። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከሳነቴ እስከ ደሎ መና 2,700 ሜትር ሲወርድ በመንገዱ የሚለቀው ኃይል ከ700 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል፤ ሞተሩና አየሩ ያልተሸከሙለትን ትኵሳት ሁሉ የሚሸከመው ሸራውና ታምቡሩ ነው። ነዳጅ ለመቈጠብ ሲል ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ሸክሙን በሙሉ በፍሬኑ ላይ ጣለ ማለት ነው። የሚቃጠል ሸራ አስቀድሞ ይሸታል፤ ቀጥሎም ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ መኪናው ግን አይቆምም። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ዘይቱ የፈላ እንደሆነ ደግሞ ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ይነካል፤ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ሳይደርስ አይፈላም፣ እርጥበት ጠጥቶ ሲያረጅ ግን በ140 ሊፈላ ይችላል። ዘይቱን በጊዜው የሚለውጥ ስንት ነው? እንግዲህ በዚህ ሁሉ መካከል የተበጠሰ ነገር የለም፤ የነደደና የፈላ እንጂ።

ቦሎ የሚለጠፍበት ዓመታዊ ምርመራ መልካም ሥርዐት ነው፤ ይሁን እንጂ ቀዝቅዞ፣ ሸክሙን አራግፎ በሜዳ ላይ የተመረመረ ፍሬን በሐረና ገደል ትኵሳት ላይ ምን እንደሚሆን ተለጣፊው ወረቀት አይናገርም። የመለዋወጫ ውድነት በሹፌሩ ትከሻ ላይ መውደቁንም አልክድም።

ስለዚህ የአደጋ መዝገብ የሚጽፉትን ሁሉ የምለምነው ይህን ነው፤ «ፍሬን በጠሰ» ብለው ከመፈረማቸው በፊት ጎማው ይፈታ፣ ታምቡሩ ይከፈት፣ የዘይቱ መልክ ይታይ፣ ሹፌሩም በሕይወት ካለ ቍልቍለቱን በስንተኛ ማርሽ እንደ ጀመረው ይጠየቅ።